«ረግቷል» ያልኩ ቀን

አጎቴን የገደላቸው እግራቸው ውስጥ የጓጎለ ደም ነው። በዚህ የሚከራከር ሐኪም የለም። ደሙ ግን ብቻውን አልገደላቸውም፤ ከእኔ አፍ የወጣ አንድ ቃል አግዞታል። ይህን እያወቅሁ ጥፋቱን ሌላ ሰው፣ ያውም የአጎቴ ሚስት፣ ዘጠኝ ዓመት ስትሸከመው ዝም ብዬ አይቻለሁ። የምጽፈው ስለዚያ ዝምታ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጀምሬው ቀድጄ ጥያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሴን ጥሩ ሰው አድርጌ ስለጻፍኩት ነው።

በዚያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር በነበረና በኋላ በተዘጋ ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። ወጣት ነበርኩ፣ ቁጡ ነበርኩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አዋቂ ነበርኩ። ሰው «ደም ብዛት አለብኝ» ሲለኝ «የደም ግፊት ነው የሚባለው» ብዬ አርመዋለሁ። «ሆዴን ያመኛል» ላለኝ «የቱ ጋ? ሆድ ሰፊ ነው» ብዬ አፈጥበታለሁ። በሽተኛው ከሕመሙ ይልቅ የእኔን ፊት ይፈራ ነበር ብል ብዙ አልዋሸሁም። ክሊኒኩ አልትራሳውንድ ሲገዛ አዲስ አበባ ተልኬ የተማርኩት እኔ ስለነበርኩ ኩራቴ ጭራሽ ባሰበት።

ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር። የመንግሥትም የግልም ሳይባል የጤና ሠራተኛው አዳራሽ ይሰበሰባል፤ ሂስ ያቀርባል፣ ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ደክሞት ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንድ ቀን ተራው ለእኔ ደረሰና አንድ ባልደረባዬ ተነሥቶ «እህታችን በሽተኛ ፊት እንግሊዝኛ ታበዛለች፤ ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ አትናገርም» አለ። አዳራሹ አጨበጨበለት። እርር ድብን አልኩ። «ሂሱን ተቀብያለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ እንጂ በሆዴ ያልኩት «ቆይ፣ አማርኛ ምን እንደሆነ አሳያችኋለሁ» ነው።

በዚያው ሳምንት መዝገበ ቃላት አገላብጬ፣ በሚያምረው የእጅ ጽሑፌ የቃላት ዝርዝር አዘጋጀሁና የምርመራ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። እንግሊዝኛው በግራ፣ አማርኛው በቀኝ። የደም ሥር ውስጥ ጠጥሮ መንገድ የሚዘጋው ደም ጋ ስደርስ ብዕሬን ይዤ ቆየሁ። የአገሬው ሰው «ደም ጓጎለ» ነው የሚለው። ጓጎለ ግን የወጥ ቤት ቃል ሆነብኝ፤ የሚጓጉለው ሽሮ ነው። ስለዚህ «የረጋ ደም» ብዬ ጻፍኩ። መጽሐፍም እንዲያ ይላል። እስከ ዛሬ ድረስ ስህተት ነው የሚለኝ ሰው አላገኘሁም።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበሩ፤ «ጋሼ» ነበር የምላቸው። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በተሳቢ የሚመላለሱ ሾፌር ናቸው። ደብረ ብርሃን ስማር ለበዓል ወደ ቤት የሚያመጡኝ እሳቸው ነበሩ። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ጡሩምባቸውን አንዴ ይነፉና «ሹራብሽን አውልቂ፤ ከዚህ ወዲያ ሸክም ነው» ይሉኛል። እውነትም ከዋሻው ወጥተን ቁልቁለቱን ስንያያዘው ሙቀቱ ከታች እየመጣ ይቀበለናል፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ጋር ተጣብቋል። ቀልደኛ ነበሩ። ነርስ ሆኜ ስመለስ «ዶክተሬ» ይሉኝ ጀመር። «ጋሼ፣ ነርስ እኮ ነኝ» ስላቸው «እኔስ መኪናው የኔ መሰለሽ? መሪውን የያዘ ባለቤት ነው» አሉኝ።

ግፊት ነበረባቸው። በየወሩ እየመጡ እለካቸዋለሁ። ቁጥሩን ስነግራቸው አይሰሙኝም። «እሱን ለመዝገብሽ ንገሪው። ለእኔ ደሜ ረጋ ወይስ አልረጋም፣ እሱን በይኝ» ይላሉ። ዝቅ ያለ ዕለት «ዛሬ ረግቷል፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ። «ተመስገን» ብለው ይሄዳሉ። ከፍ ያለ ዕለት ደግሞ «አልረጋም» እላለሁ፤ ጨው እንዲቀንሱ እቆጣለሁ፣ ለመድኃኒታቸው ወረቀት እጽፋለሁ። ይህን ስንባባል ዓመታት አልፈዋል። ያን ሁሉ ሰው የማርም ሴት ይህቺን አነጋገር ለአጎቴ ብዬ ትቼላቸው ነበር፤ ስለምወዳቸው።

ሚስታቸውን እትዬ ነው የምላት። ልጅ ሳለሁ «አንቱ» ስላት «ያለ ዕድሜዬ አታስረጂኝ፣ አንቺ በይኝ» ብላ ከለከለችኝ፤ እስከ ዛሬ እትዬም እላታለሁ፣ አንቺም እላታለሁ። እትዬ ማሸት የምታውቅ ሴት ነበረች። ወገቡ የተያዘ ሾፌር፣ አንገቱ አልዞር ያለው፣ ሆዱ የተነፋ ሕፃን፣ የወለደች አራስ፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚሄደው እሷ ዘንድ ነው። ወደ እኔ የሚመጡት እሷ «ይኼስ የሐኪም ነው» ስትላቸው ነው። ይህ ነገር አያናድደኝም ነበር ማለት አልችልም።

የሆነው በገበያ ቀን ነው። ጋሼ ሁለት ምልልስ ሳያርፉ አከታትለው ነድተው ከመኪናው እንደወረዱ ወደ ክሊኒኩ መጡ። ግራ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጭናቸው አብጦ ሱሪው አልበቃ ብሏቸዋል። ወረፋው በሙሉ ነፍሰ ጡር ነው፤ ከቀወት ገጠሮች የመጣ፣ ከጀውሃ የመጣ። ቬንቲሌተሩ ይዞራል እንጂ የሚያዞረው ያንኑ ሙቀት ነው። ዘመዴ ናቸው ብዬ ወረፋ አሳልፌ አስገባኋቸውና ሴቶቹ አጉረመረሙ። እኔም ቶሎ ልጨርስ ብዬ ተቻኮልኩ።

አልጋው ላይ አጋድሜ ጄሉን ጭናቸው ላይ ሳፈስባቸው ቅዝቃዜው አስደነገጣቸውና ጮክ ብለው «ወንድ ነው ሴት?» አሉ። በር ላይ የነበሩት እርጉዞች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሥራ ላይ መሳቅ አልወድም ነበር።

የደም ሥር በማሽኑ ሲያዩት ጥቁር ክብ ነው። ጤነኛ ደም መልስ፣ ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር፣ ከላይ በመመርመሪያው ጫን ሲሉት ክድን ይላል፤ ሲለቁት ይከፈታል። የጋሼን ጫንኩት። አልተከደነም። ጠበቅ አድርጌ ጫንኩት፤ እምቢ አለ። ውስጡን ግራጫ ነገር ሞልቶታል። መጽሐፍ ላይ በሥዕል ያየሁት፣ በእጄ ግን አግኝቼው የማላውቀው ነገር ነበር። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አገኘሁት አልኩ በልቤ። አጎቴ አጠገቤ ተጋድመው እኔ በራሴ ደስ አለኝ። ከሁሉ አብልጣ የምታሳፍረኝ ይህቺ ደስታ ናት።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል፣ «እግርዎ ውስጥ ያለው ደም ረግቷል።»

«ረጋ?»

«አዎ፣ ረግቷል።»

«ተመስገን!»

በእኛ አገር ተመስገን የማይባልበት ነገር የለም። ልጅ ሲወለድ ተመስገን ነው፤ ማሽላውን ወፍ ሲጨርሰውም ተመስገን ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ እንዴት ሰነበትክ ሲሉት ተመስገን ይላል። እኔም ጋሼ ክፉ ወሬ እንደሰማ ጨዋ ሰው አሉት ብዬ አለፍኩት። እንዲያውም ምን ያለ ብርቱ ሰው ናቸው ብዬ ተገረምኩባቸው። እሳቸው ደግሞ በየወሩ የምነግራቸውን መልካም ወሬ ነገርኳቸው፤ እግሬ ያበጠው በደም ብዛት ነበር፣ አሁን ረጋልኝ ብለው ነው የተነሡት።

መብራት ጠፋ። ማሽኑ ጲጵ ብሎ ዝም አለ፤ ውጭ ያሉት ሴቶች «ኧረ በናትሽ፣ ከጠዋት ጀምሮ ነን» እያሉ በሩን ያንኳኳሉ። በመስኮቱ ብርሃን ሪፈር ጻፍኩና ሰጠኋቸው። «ይህን ይዘው ነገውኑ ደብረ ብርሃን ይሂዱ። መድኃኒት ይጀምሩልዎታል፤ እንዳይቆዩ» አልኳቸው። «እሺ ዶክተሬ» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፤ በየወሩ የምጽፍላቸውን ወረቀትም እዚያው ነበር የሚከቱት። ይህ ደም ከእግር ተነሥቶ ሳንባ ሊገባ ይችላል አላልኳቸውም። ላስፈራቸው አልፈለግኩም፤ ነገ ደብረ ብርሃን ያሉት ይነግሯቸዋል አልኩ። እግርዎን እንዳያሳሹም አላልኳቸውም። የሚሄዱት ወደ ማን ቤት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ቤት ገብተው ለእትዬ «ረግቷል አለችኝ፤ አሁን የቀረኝ ድካሙ ነው» አሏት። እሷም ውኃ አሞቀች፣ ቅባት አመጣች፣ ከተረከዛቸው ጀምራ ወደ ላይ አሸቻቸው። ደስ አላቸው፤ ቀለለኝ አሉ። በማግሥቱ ማለዳ ጭነት ስለነበራቸው ተነሥተው ወደ ኮምቦልቻ ጉዞ ጀመሩ። ጀውሃ ላይ ለቁርስ አቆሙ። ምግብ ቤቱ ውስጥ የነበሩ ሾፌሮች እንደነገሩን በልተው፣ ተጫውተው፣ ሊሄዱ ከወንበራቸው ሲነሡ ደረታቸውን ያዙና ወደቁ። ሰው ተሯሩጦ ሲያነሣቸው ትንፋሽ አልነበራቸውም። የጻፍኩት ወረቀት እንደታጠፈ ኪሳቸው ውስጥ ተገኘ።

እዚህ ጋ ብቆም አንባቢ ያዝንልኝ ይሆናል። የባሰው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

ለቅሶ ቤት ስደርስ እትዬ ድንኳኑ ውስጥ በሴቶች ተከባ ደረቷን ትደቃለች። አጠገቧ ወድቄ አለቀስኩ። ከዚያ የለመደብኝ ጠባይ መጣና ምርመራ ጀመርኩ። ማታ ምን በሉ? እንዴት አደሩ? ምን አደረጋችሁላቸው? እትዬ ምን በልቧ ይኑር፣ «አሸሁት፤ እግሩን አሸሁለት፣ ቀለለኝ ብሎ ተኛ» አለችኝ።

ጮኽኩባት። ለቀስተኛው ሁሉ ፊት «ለምን አሸሻቸው? የጓጎለ ደም ይታሻል እንዴ? አንቺ ነሽ ያስነሣሽው! ቀጥታ ሳንባቸው ነው የገባው!» አልኳት። ያን ጊዜ ጓጎለ የሚለው ቃል ከአፌ ያለ ችግር ወጣ።

እትዬ ቀና ብላ አየችኝ። እንባዋ ቆሟል። «ረግቷል ብለሽው የለም?» አለች። «ደሜ ረግቷል አለችኝ ብሎኝ እኮ ነው። ከረጋ ማሸት ምን ይጎዳል ብዬ ነው።»

«ተመስገን» ያሉት፣ ወረቀቱን ያጠፉት፣ «እሺ ዶክተሬ» ያሉት፣ ሁሉም ባንዴ ገባኝ። ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ አልገባቸውም ነበር ማለት። ድንኳን ሙሉ ሰው ያየኛል። ነርሷን፣ ማሽን የምትነካዋን፣ አማርኛ ለሰው የምታርመዋን። አንገቴን ደፍቼ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ሰውም ለአጎቷ አነባች አለ።

ወሬው ከድንኳኑ ወጣ። ሸዋ ሮቢት ትልቅ መንገድ ላይ ብትሆንም ወሬ የሚሄድባት በሰፈር ነው። «አሽታ ገደለችው» አሉ። ክፉ አስበው አልነበረም፤ ብዙዎቹ አዝነውላት ነው የሚያወሩት። ነርሷ ራሷ መሰከረች ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ እትዬ ማንንም አሽታ አታውቅም። የሚጠራት ቀረ፤ የጠሯትን ደግሞ እሷ እምቢ አለች። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ የገንፎ እህል ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። እናቴ «ኧረ በጄ በይ፣ ወገቧን እሽላት» ብትላት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከታ «የኔ እጅ ይቅርባት» አለች። እኔ አልጋው ላይ ነበርኩ። ያኔም ዝም አልኩ። በየበዓሉ እጠይቃታለሁ፤ ስኳር እወስድላታለሁ፣ ልጆቼን ወስጄ አሳያታለሁ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኳትም። ስኳሩ የይቅርታውን ቦታ ይይዝልኛል ብዬ ነው መሰል።

ለራሴ የምነግረው ነገር ነበረኝ። ቢገባቸውም ኖሮ ምን ይደረግላቸው ነበር፣ አገሩ እንደሆነ ምንም የለው እላለሁ። በዚህ ዓመታትን አሳለፍኩ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አልትራሳውንድ ለምንሠራ ሰዎች አዲስ አበባ የአንድ ሳምንት ሥልጠና ተሰጠን። አንድ ቀን ከውጭ አገር ለአጭር ጊዜ የመጣ ሐኪም አስተማረን፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ አማርኛው የባላገር ልጅ እንደሆነ ያስታውቃል። «እናንተ ከዚህ በሚወጣው ድምፅ ታያላችሁ» አለን፣ መመርመሪያውን ከፍ አድርጎ፣ «አሁን ደግሞ በዚሁ ድምፅ ለመጠገን እየተሞከረ ነው።»

ትምህርቱ የጓጎለ ደምን በድምፅ ሞገድ ስለማሟሟት ነበር። ከቅባት የተሠሩ፣ በዓይን የማይታዩ አረፋዎች አሉ አለን። መረቅ ላይ የሚንሳፈፈውን የቅባት ጠብታ አስቡት፤ ከዚያ ከቀይ የደም ሕዋስ እስኪያንስ ድረስ አሳንሱት። ውስጡ ጋዝ ይሞላል፤ ደም የሚያሟሟ መድኃኒትም ይጫንበታል። በክንድ ይወጋል። ከደሙ ጋር እየዞረ ደሙ የጓጎለበት ቦታ ሲደርስ ሐኪሙ ከቆዳው በላይ ሆኖ ድምፁን ይለቅበታል። አረፋው ከድምፁ ጋር ይነፋል፣ ይኮማተራል፣ ይነፋል፣ ይኮማተራል፤ መጨረሻ ላይ ይፈነዳል። ፍንዳታው የጓጎለውን ይቦረቡረዋል፤ የተሸከመው መድኃኒትም እዚያው ላይ ይፈስበታል። መድኃኒቱ ብቻውን በብዛት ሲሰጥ ሌላ ቦታ ደም ሊያፈስ ይችላል፤ በቅባት ተሸፍኖ ከሄደና በቦታው ከተፈታ ግን ትንሹ ይበቃ ይሆናል፣ ተስፋው ይህ ነው አለን። ገና ብዙ ሙከራ እንደሚቀረው ደጋግሞ ተናገረ።

ቪዲዮም አሳየን። ቀጭን ቱቦ ውስጥ ጠቆር ያለ የደም ጓል ተወትፏል፤ ፈሳሹ ከኋላው ቆሟል። ድምፁ ተለቀቀ። ለእኛ አይሰማም፤ ጆሮ ከሚሰማው በላይ ነው። ጓሉ ጫፍ ጫፉ እየሳሳ ሄደ፣ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ከፈተ፣ ፈሳሹ በቀዳዳው አለፈ። አዳራሹ ውስጥ ሰው «እሰይ» አለ፤ የውኃ ቦይ የተከፈተለት ገበሬ ይመስል።

እኔ እንባዬ መጣ። የጋሼ ጭን ላይ መመርመሪያውን ይዤ ቆሜ ነበር እኮ። ድምፁ በእጄ ነበር። ያሳየኝን የጓጎለ ደም የሚያፈርሰው ድምፅም የዚያው ዘመድ ነው፤ የጎደሉት አረፋዎቹ ናቸው አልኩ። አልዋሽም፣ ከሐዘኑ ጋር እፎይታም ተሰማኝ። በቃ፣ ጋሼ የሞቱት ይህ ስላልነበረ ነው፤ ዘመኑ ነው፣ ድህነቱ ነው። የዘጠኝ ዓመት ሰበቤ ዛሬ ሳይንስ ቆመለት ብዬ ሶፍት አውጥቼ ዓይኔን ጠረግኩ።

ትምህርቱ ሲያልቅ አንዲት ነርስ እጇን አውጥታ «እንዲህ ያለው ነገር እኛ ጋ ሲመጣ ለታካሚው በአማርኛ ምን ብለን ነው የምናስረዳው?» ብላ ጠየቀች። ከፊት የተቀመጠ ሰው ቀደም ብሎ «የረጋ ደምን በድምፅ ማሟሟት» አለ።

ሐኪሙ ሳቀ። «እንዲያ ብትሉት አባቴ ‹ከረጋማ ምን አነካካችሁት? ተዉት እንጂ!› ነው የሚላችሁ» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጎኔ የነበረው ሰው ጠረጴዛ እየመታ ይስቃል። እኔ እጄ ላይ ያለውን ሶፍት ሳፍተለትለው አስታውሳለሁ። ለካ ይህ ነገር የሚያስቅ ነበር። ለካ ማንም ባላገር ያሳደገው ሰው ለአፍታ ቢያስብ የሚደርስበት ነገር ነው። ጋሼ ደግሞ በየወሩ «ረጋ ወይስ አልረጋም» እያሉ ሲነግሩኝ የኖሩ ሰው ናቸው። አረፋ አላስፈለጋቸውም ነበር። ደም የሚያቀጥነው የተለመደው መርፌ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ መንገድ መሄድ ሥራቸው ነው። «ጓጉሏል» ብላቸው ደንግጠው ይነሡ ነበር። ሽሮም ሲጓጉል የሚወድ የለም።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ለአስተባባሪው ቤት ችግር ገጥሞኛል ብዬ ተነሣሁ። በማግሥቱ ማለዳ አውቶቡስ ያዝኩ። ጣርማ በርን አልፈን ስንወርድ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ እንጀራ ሊያካፍሉኝ ቢለምኑኝ አልወርድ አለኝ። የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር። ዓረፍተ ነገር እያሳመርኩ እንደሆነ ሲገባኝ ራሴን ጠላሁት፤ ማሳመር አይደል እዚህ ያደረሰኝ።

ባጃጅ ይዤ እትዬ ቤት በር ላይ ወረድኩ። በረንዳዋ ላይ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ላይ ማሾ ትለቅማለች። «ውይ፣ አዲስ አበባ ነሽ ሲሉኝ! ግቢ፣ ፀሐይ ነው» አለች። አልገባሁም። እዚያው ደረጃው ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ጋሼን አንቺ አይደለሽም የገደልሻቸው» አልኳት።

መልቀሟን አላቆመችም። እኔም ሁሉንም ነገርኳት። ግድግዳው ላይ ስለለጠፍኩት ዝርዝር፣ ጓጎለ የሚለውን ቃል ስለመናቄ፣ «ተመስገን» ሲሉ ስላለማስተዋሌ፣ አይታሹ ሳልል ስለመሸኘቴ። ደህና አድርጌ ነግሬያቸው ቢሆን እዚህ ቤት ገብተው «ረግቷል» አይሏትም ነበር፤ እሷም ቅባት አታመጣም ነበር። ከእኔ የተቀበሉትን ነው ለእሷ የነገሯት፣ እሷም የሰማችውን ይዛ ነው ያሸቻቸው። ሳላቋርጥ ተናገርኩ፤ ከቆምኩ የምቀጥል አልመሰለኝም።

ስጨርስ መልቀሟን አቆመች። የጎረቤት ዶሮ መጥታ ከሰፌዱ የወደቀ ማሾ ለቀመች፤ አላባረረቻትም።

«ድንኳን ውስጥ፣ የጮኽሽብኝ ዕለት፣ ገብቶሽ ነበር?» አለችኝ።

«ረግቷል ብለሽው የለም ስትይኝ ገባኝ።»

«ያኔውኑ?»

«ያኔውኑ።»

ራሷን ነቀነቀች። ተቆጥታ ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ደስ ባለኝ ነበር። ለዚያ ነበር ራሴን አዘጋጅቼ የመጣሁት።

«አርባው እንደወጣ አባ ዘንድ ሄድኩ» አለች ቀስ ብላ። «የንስሐ አባቴ ዘንድ። ባሌን በገዛ እጄ ገደልኩት ብዬ ተናዘዝኩ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ዘጠኝ ዓመት በየበዓሉ እየመጣሁ ይህን ጠይቄያት አላውቅም።

«ሳታውቂ ነው አሉኝ። ሳላውቅም ቢሆን ሰው ሞቷል፣ ቀኖና ይስጡኝ አልኳቸው። የሰጡኝን ትንሽ ነው ብዬ እንዲጨምሩልኝ ለመንኳቸው። ሰባት ዓመት አሉኝ። ጾሙን በጾም ላይ፣ ስግደቱን በስግደት ላይ አድርጌ።» ቀሚሷን ትንሽ ገለጥ አድርጋ ጉልበቷን አሳየችኝ። ቆዳው ጠቁሮ እንደ ተረከዝ ደድሯል። እኔ ነርስ ነኝ፤ አካሄዷ ሲለወጥ አይቼ የእርጅና ነው ብዬ ቅባት ገዝቼላት ነበር። «ካቻምና ፍልሰታ ጨረስኩ። አባ ፈቱኝ። የዚያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤቴ እያለቀስኩ ነው የመጣሁት፤ ደስ ብሎኝ።»

ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አንሥታ መሬት አኖረችው። ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችኝ።

«እንግዲህ ያ ሁሉ ያንቺ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ እትዬ፣ የእኔ ነበር» አልኳት።